የኤርሲሊያ ወፍራም አልቃሻ

ከዋና ከተማው ለትምህርት ቤታችን የተላከው የግድግዳ ሥዕል አንድ አርማዲሎ፣ ያ ጥሩር ለባሽ ቆፋሪ እንስሳ፣ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ያሳያል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «አርማዲሎ ሲፈራ ይጠቀለላል» ተብሎ ተጽፏል። ይህን የጻፈው ሰው በየወሩ ደመወዝ ይበላል። እኔ እዚህ ኬብራቾ ሶሎ መንደር ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎልኝ አያውቅም። በቻኮ ምድር የሚጠቀለለው ማታኮ ብቻ መሆኑን ልጆቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁታል። ማታኮ ወገቡ ላይ ሦስት መቀነት አለው፤ ጭንቅላቱንና ጅራቱን ጎን ለጎን ገጥሞ ራሱን ይዘጋል፤ ውሻ ሲያንከባልለው ቆይቶ ሰልችቶት ይሄዳል። የቀሩት ዘመዶቹ ይሮጣሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ወይም ጥሩራቸውን ወደ ላይ አድርገው መሬት ላይ ይለጠፋሉ። ኳስ እንሁን ቢሉም አይሆንላቸውም።

ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። በዚህ መንደር ደብዳቤ የሚጽፈው እኔ ነኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጽፌያለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ደርሷል። አርማዲሎ በጅራቱ አንጠልጥለው በመኪና መንገድ ዳር ስለሚሸጡ ሰዎች ሰባት ጽፌያለሁ፤ ሰባቱም ጋዜጣ ላይ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ውስጥ ስለ አርማዲሎ ሥጋ በፊቴ ያነሣ ሰው የለም። እኔም ማሸነፌ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ኖርኩ።

ለደብዳቤዬ ማስረጃ እንዲሆን የራሳችንን ሥዕል ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ አወረድኩ። የሣለችው ባለቤቴ ኤርሲሊያ ናት፤ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆናት። ወፍራም ካርቶን ላይ ስድስት ዓይነት አርማዲሎ፤ ሥዕሉ የእሷ፣ ጽሑፉ የእኔ። ከላይ ግዙፉ አለ፤ ከበግ የሚከብድ፣ የፊት እግሩ መሀለኛ ጥፍር እንደ ማጭድ የቆለመመ። በአካባቢያችን በዓይኑ ያየው ሰው ከአምስት አይበልጥም። ከሥሩ ሙሊታ አለች፤ ጆሮዋ እንደ በቅሎ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አራት ግልገል ያስከተለች። ኤርሲሊያ አራቱን ግልገሎች በምንም ሳትለይ ነው የሣለቻቸው፤ ልክ ናት። ሙሊታ ከአንዲት እንቁላል አራት ትወልዳለች፤ ወይ አራቱም ወንድ፣ ወይ አራቱም ሴት። ወንዝ ሲገጥማት ትንፋሿን ይዛ በወለሉ ላይ ተራምዳ ትሻገራለች። ጸጉራሙና ማታኮ ከመሀል ናቸው። ከታች በቀኝ በኩል ዕውሩ ይታያል፤ ዕድሜውን አሸዋ ውስጥ የሚጨርስ፣ ከሰው እጅ እምብዛም የማይበልጥ፣ ገርጣ ያለ ፍጡር። ኋላው በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠፍጣፋ ነው፤ በዚያ ጠፍጣፋ ኋላው የመጣበትን ጉድጓድ እየደፈነ ወደፊት ይሄዳል።

ከታች በግራ በኩል አልቃሻው አለ። ጆሮው ትልልቅ፣ በጥሩሩ መሀል ጸጉር የሚወጣው፣ ክብደቱ ኪሎ የማይሞላ ትንሽ እንስሳ ነው፤ ሰው ሲይዘው እንደ ሕፃን ይጮኻል። ኤርሲሊያ የሣለችው ግን ሆዱ መሬት ይጠርጋል። በዚህ ነገር አንድ ምሽት ሙሉ ተጨቃጭቀናል።

«ይሄ አልቃሻ አይደለም፤ አሳማ ነው» አልኳት።

«ያየሁትን ነው የሣልኩት።»

«የት አየሽ? በዱር ያለው አልቃሻ ቀጭን ነው።»

«የት እንዳየሁ አንተ ምን አገባህ? ጽሑፍህን ጻፍ።»

ጻፍኩ። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ማሳሰቢያ፦ ከልክ በላይ ወፍሮ የተሣለው በሠዓሊዋ ስሕተት ነው» አልኩ። እሷ አንብባ ሳቀች። ተማሪዎቼ ሁሉ ያንን ማሳሰቢያ እያነበቡ አደጉ።

ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ደብዳቤውን እንደ ጀመርኩ ነበር የልጄ ነገር የመጣው።

ዳልሚራ አንድ ልጄ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከከተማ ወደ እኔ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር፤ ቀኗ ደርሷል። ባሏ ከሰሜን ከመንገድ ሥራ ካምፑ እሑድ ይመጣል። ጤና ኬላው ከቤቴ አራት መቶ ሜትር ነው፤ አዋላጇ የእኔው ተማሪ ነበረች፤ ጎበዝ ናት። የልጅ ልጄ ኤርሲሊያ በኖረችበት ቤት አጠገብ እንዲወለድ ፈለግሁ። ዳልሚራም ፈለገች። እስከዚያ ሰኞ ድረስ።

ሰኞ ከቀትር እንቅልፍ ተነሥተን ከአልጋሮቦው ዛፍ ጥላ ሥር ማቴ፣ የአገራችንን ሻይ፣ እየጠጣን ሳለን ዳልሚራ ጠየቀችኝ፦

«አባዬ፣ ጎረቤት ውስጥ ሕፃን ያለው ሰው አለ እንዴ?»

«በዚህ ረድፍ ከሶይሎ በቀር ማን አለ? ሶይሎ ደግሞ ሰባ አራት ዓመቱ ነው።»

«ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። ተኝታችሁ ሳላችሁ። ከመሬት ውስጥ ነው የሚመጣው።»

ታላቅ እህቴ ትራንሲቶ የአመድ ቂጣ ሊጥ እያሸች ነበር። አብራኝ ነው የምትኖረው። እጇ ሊጡ ላይ ቀረ።

«ከየት በኩል?» አለቻት።

«ከአጥሩ ሥር፣ አክስቴ። በሶይሎ በኩል ካለው።»

ትራንሲቶ አማተበች። ዱቄቱ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ተወ።

«ዕውሩ ነው» አለች። «ኤርሲሊያ በሞተችበት ሳምንት ያለቀሰውም እሱ ነው። በዚሁ በቀትር፣ ከዚሁ አጥር ሥር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዝም በይ አላችሁኝ እንጂ።»

በአገራችን የማይሞት ወሬ ነው። ዕውሩ ከቤት አጠገብ እንደ ሕፃን ካለቀሰ ሞት እየጠራ ነው ይላሉ። የሰማው ሰው ሳምንቱ ሳያልቅ ቆፍሮ ማውጣትና መግደል አለበት፤ አለዚያ ከቤቱ አንድ ሰው ይሄዳል። በዚህ የተነሣ ስንት ምስኪን እንስሳ በአካፋ ተሰንጥቋል። ትል ከመብላት በቀር በማንም ላይ ክፉ ያላደረገ ፍጡር ነው። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ ያን ዕለትም ፈላ።

«እትዬ፣ ኤርሲሊያን የገደላት ልቧ ነው። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት መሳቢያው ውስጥ አለ።»

«ወረቀቱ ልቧ ቆመ ነው የሚለው። ማን እንዳቆመው አልጻፈም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት መንደር ውስጥ፣ በገዛ ቤቴ...»

«አንተ ልጆች አስተማርክ። እኔን መቼ አስተማርከኝ?» ብላ ወደ ሊጧ ተመለሰች።

ዳልሚራ ማቴውን አስቀመጠች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አጥሩን ታያለች።

ማክሰኞም በቀትር ሰማች። እኔ አልሰማሁም። እንደ ወትሮዬ ማራገቢያዬን ከፍቼ ተኝቻለሁ፤ ያ ማራገቢያ ድሮ የተገዛ ነው፣ ሲዞር እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከእንቅልፌ ስነሣ ዳልሚራ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብስ ታጥፋለች።

«ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡሱ እሄዳለሁ» አለችኝ። «አማቴ ዘንድ እወልዳለሁ።»

አውቶቡሱ ወደ ከተማ በአቧራ መንገድ ሰባት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ጎማው ካልፈነዳ ነው ደግሞ። አዋላጇ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምራ መንገድ የሚባል ነገር አታስቢ ብላታለች። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዕውሩ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ጥፍር እንዳለው፣ ለምን እንደሚጮኽ አስረዳኋት። ሥዕሉን ከጠረጴዛው አምጥቼ ፊቷ አቆምኩት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፣ አባዬ። አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ? ግን ማወቄ አላስተኛኝም። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሳይ ነው ያደርኩት። በዚህ ዓይነት ምጥ ቢመጣ ምን ጉልበት አለኝ?»

«እኮ ምክንያቱን እያስረዳሁሽ...»

«ልታሸንፈኝ አትሞክር። ክርክር አይደለም። ፈርቻለሁ ነው የምልህ።»

 ሥዕሉን ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ ማለዳ ትራንሲቶ ሶይሎን ከነአካፋው ይዛው መጣች። ሶይሎ አበልጄ ነው፤ ዳልሚራን ክርስትና ያነሣት እሱ ነው። ከአጥሬ ማዶ ብቻውን ይኖራል። በጉልምስናው በዚህ አውራጃ እንደ እሱ ያለ አርማዲሎ አዳኝ አልነበረም፤ ጉድጓዱን በመዳፉ ለክቶ ውስጥ ያለው ጸጉራሙ ይሁን ሙሊታ፣ ገብቶ ይሁን ወጥቶ ይነግርሃል። ጋዜጣ ላይ ከጻፍኩ በኋላ ግን ውሾቹን ሰጠና አደኑን ተወ፤ «ዶሮ ይበቃኛል» አለኝ። ይህን ለብዙ ሰው በኩራት አውርቻለሁ።

«አበልጅ፣ አንተም በዚህ ታምናለህ?» አልኩት።

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምቆፍረው። መምህሩ እህቱን ማሳመን ካቃተው እኔ ማይሙ ምን ላድርግ?»

መቆፈር ጀመረ። ትራንሲቶና ዳልሚራ ያሳዩት ከአጥሩ ሥር ነው፤ እሱ ግን ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ጀመረ። ቀጥሎ ከልብስ ማስጫው ሥር። ቀጥሎ ከእንጨት ክምሩ ኋላ። በየጉድጓዱ መሀል አረፍ ብሎ ማቴ ይጠጣል። አራተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ይሄን ግማሽ ክንድ ቆፍረህ ለምን ተውከው?»

«ድንጋይ አለው።»

«አሸዋ ነው እኮ፣ ሶይሎ።»

«አሸዋም ይከብዳል። ና ሞክረው።»

«አጥሩ ሥር ነው ያሉህ» አለች ትራንሲቶ ከማእድ ቤቱ በር ላይ ቆማ። «ምነው ከአጥሩ ሸሸህ? እንደ ሙሽራ ትሽኮረመማለህ።»

«ዕውሩ እንደሆነ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ይቀመጥልኛል ብለሽ ነው? ከፊቱ ቀድሜ እየጠበቅኩት ነው።»

«ወደ ከተማ እየሄደ ከሆነ በአውቶቡስ ይሂድ» አልኩ። «ዳልሚራም ነገ ጠዋት ትሳፈራለች።»

የሶይሎ አካፋ አየር ላይ ቆመ።

«የት ትሄዳለች?»

«አማቷ ዘንድ። እዚህ አልወልድም ብላለች። ሻንጣዋን ዘግታለች።»

«በዚህ ሆዷ? በዚያ መንገድ?»

«አንተ ንገራት። እኔን አልሰማችም።»

ሶይሎ ዳልሚራ ያለችበትን ክፍል መስኮት ለረጅም ጊዜ አየ። አካፋውን አሸዋው ላይ ተከለው። «ቤት የማየው ነገር አለኝ» አለና ማቴውን ሳይጨርስ ሄደ። ሰነፍ አልኩት በልቤ። ግቢዬ የተቦረቦረ ጥርስ መስሎ ቀረ።

ቀትር ላይ ተኛሁ፤ ማለትም ጋደም አልኩ። የጥር ፀሐይ ጣሪያውን ያንጣጣል። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ማራገቢያው ቀስ አለ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። መብራት ጠፋ። ሃያኛውን ደብዳቤ በጭንቅላቴ መጻፍ ጀመርኩ፤ «ለተከበረው የመብራት ማኅበር፣ መከበሩን እጠራጠራለሁ» የሚል መግቢያ አግኝቼ እየተደሰትኩ ሳለሁ ሰማሁት።

ሕፃን አለቀሰ። ከመሬት ውስጥ።

እውነቱን ልናገር፤ የክንዴ ጸጉር ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው ጸጉር ቆመ። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ልቅሶው ረዥም ነው፣ የተናደደ ነው፣ ከአጥሩ ሥር ይመጣል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ወዲያው ቆርቆሮ ቆርቆሮን ሲመታ ተሰማኝ። ልቅሶው እንደገና ጀመረ። ከልቅሶው ጋር አንድ ሰው በሹክሹክታ «ዝም በል፤ ዝም በል አንተ፤ ታስፈጀኛለህ» አለ።

ዕውር አርማዲሎ የቆርቆሮ ክዳን የለውም። ሰውም አብሮት አይኖርም። ተነሣሁ፣ ነጠላ ጫማዬን አጠለቅኩ፣ ወደ አጥሩ ሄድኩ። በእሾሁ ቅርንጫፎች መሀል አሻግሬ አየሁ።

ከሶይሎ ዶሮ ቤት ኋላ፣ ከአጥሩ ሁለት ክንድ ርቆ፣ አንድ የቆየ በርሜል እስከ አፉ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ሶይሎ በጉልበቱ ተንበርክኮ ክንዱን እስከ ብብቱ በርሜሉ ውስጥ ከትቷል። አጠገቡ ባዶ ጆንያ አለ። ልቅሶው ከበርሜሉ ነው።

«ሶይሎ» አልኩ።

ዞር አላለም።

«ማራገቢያህ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።

«መብራት ጠፋ።»

«እነዚህ ሰዎች አበዙት። ደብዳቤ መጻፍ አለብህ።»

አጥሩን በየት በኩል እንደተሻገርኩት አላውቅም፤ ሸሚዜ እጅጌው ላይ ተቀዷል። በርሜሉ ውስጥ አሸዋ አለ፣ የወተት ሳህን አለ፣ የሶይሎ እጅ አለ፣ በሶይሎም እጅ ውስጥ አልቃሻው አለ። ሲለቀው ዝም ይላል፤ ሲይዘው ይጮኻል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ለልጆች ሳስተምር የኖርኩትን ነገር ነው በአፍንጫዬ ሥር ያላወቅኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለዳልሚራ ነው። ስትወልድ መረቅ እንድትጠጣ። ወተትና የበቆሎ ገንፎ ስሰጠው ሃያ ቀኔ ነው። የበላው ትልና ጥንዚዛ ከሆዱ ይውጣ ብዬ። ታውቀው የለ አሠራሩን። በርሜሉን የቀበርኩት በሙቀቱ እንዳይሞትብኝ ነው። ከሰኞ ወዲህ ደግሞ አሸዋው ስለሸተተ በቀትር እቀይርለታለሁ።»

«ለምን በቀትር?»

«አንተ የምትተኛው መቼ ነው?»

«ልጄ በዚህ ልቅሶ ሻንጣ ስትዘጋ፣ አንተ ግቢዬን ስትቦረቡር ዋልክ። አጥሬ ማዶ ነው ብለህ አትነግረኝም?»

«ለማን ልንገር? ላንተ? ጋዜጣ ላይ ልታወጣኝ?»

«አበልጄን ጋዜጣ ላይ አላወጣም።»

«የእህትህን ልጅ አውጥተሃል።»

እውነት ነው። የትራንሲቶን ልጅ መንገድ ዳር ሲሸጥ አግኝቼው ስሙን ከነአባቱ ጽፌያለሁ። አሁንም ልክ ነበርኩ እላለሁ። 

«ዛሬ ልወስደው ነበር» አለ ሶይሎ ጆንያውን እያሳየኝ። «ጫካው ውስጥ ልለቀው። ልቅሶው ቀረ ብላ እንድትቀመጥ። ግን ወፍሯል፤ አልያዝ አለኝ።»

ወደ በርሜሉ አጎነበስኩ። አልቃሻው ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሆዱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ አሸዋውን ይጠርጋል፤ እግሮቹ አይታዩም። የት እንዳየሁት ወዲያው መጣልኝ። ቀይ ቀለሙ ጭምር መጣልኝ።

«የዛሬ ስምንት ዓመትስ?» አልኩት። በቁጣ ልናገረው አስቤ ነበር፤ ድምፄ ግን ወረደብኝ። «ትራንሲቶ ያኔም ሰምቻለሁ ትላለች።»

ሶይሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ያኔም አንድ ነበረኝ።»

«ለማን?»

«ለባለቤትህ ነዋ።» የዶሮ ቤቱን ጥላ በአገጩ አመለከተ፤ እዚያ አንድ ዝቅተኛ በርጩማ አለ። «እዚያ ነበር የምትቀመጠው። አንተ ማራገቢያህን ስትከፍት በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ትላለች። በእጇ ነበር የምትበላው፤ ሎሚ ጨመቅ አድርጋ። ገንፎውንም ራሷ ታመጣላቸው ነበር። ‹ባሌ ባውዲሊዮ ከሰማ ስምንተኛውን ደብዳቤ ስለ እኔ ይጽፋል› እያለች ትስቃለች።»

«አልተናገረችኝም።»

«ሥጋውን ትወዳለች፤ አንተንም ትወዳለች። ሁለቱን አላገናኘቻቸውም። ያን የመጨረሻውን አላረድኩትም። የቀበርናት ዕለት ለቀቅኩት።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ዝቅተኛ ነው፤ ጉልበቴ ወደ አገጬ መጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ከመኝታችን ሃያ እርምጃ ላይ ሎሚ ጨምቃ እየበላች ስትስቅ እኔ ተኝቻለሁ። ልቆጣ ሞከርኩ። ቁጣዬን ስጠራው ያልመጣበት ቀን ያ ብቻ ነው። የመጣው ሳቅ ነበር፤ ሶይሎ ያለቀስኩ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ከዚያ ዳልሚራንና ትራንሲቶን ጠራሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ነው የገቡት። ቀዳዳ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር፤ ትራንሲቶ ግን ዓይኗን ጨፍና አገኘችው። ይህን ለሌላ ቀን አስቀመጥኩት።

ሶይሎ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለዳልሚራ ነገራት። ባርኔጣውን እንዳወለቀ ነው። ልጄ የእናቷ ነገር ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠችው፦

«እኔን አርግዛ ሳለችም በልታለች?»

«ሁለት ጨርሳለች። የመጨረሻውን የበላች ዕለት ማታ ነው የተወለድሽው።»

«ለዚህ ነዋ አልቃሻ የሆነችው» አልኩ።

ዳልሚራ ክንዶቿን ወደ በርሜሉ ዘረጋች። ሶይሎ አልቃሻውን አውጥቶ ሰጣት። ፍጡሩ አፉን ከፍቶ ጮኸ፤ ያ የመሬት ውስጥ ልቅሶ እዚህ ከሆዷ በላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሚዳሰስ ጸጉራም ጥሩር ውስጥ ነበር። ዳልሚራ ፊቱን አየችው። ትንሽ ዓይኖቹን፣ የሚርገበገብ አፍንጫውን፣ አየሩን የሚቧጥጡ ጥፍሮቹን አየች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

«ረገጠኝ» አለች። «ልጁ ረገጠኝ። ይሄኛው በጮኸ ቁጥር ያኛው ይራገጣል።»

ትራንሲቶ ቀረብ ብላ በአንድ ጣት የአልቃሻውን ጀርባ ነካች።

«ኤርሲሊያ ስትሞት የሰማሁት ይሄን ነው?» አለች ሶይሎን።

«የዚህን ዘመድ።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ እኮ ጸሎት አድርጌበታለሁ።»

«ጸሎትሽ ከንቱ አልቀረም፤ እሱም ከቢላ ድኗል።»

«ዕውሩ ግን አለ» አለች ትራንሲቶ ወደ እኔ ዞራ። «እዚህ አልመጣም እንጂ አለ። ደስ አይበልህ።»

 ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ በራችን ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ጡሩንባ ነፋ። በሩ ድረስ ወጥቼ ለሹፌሩ ማንም የለም በሚል እጄን አወዛወዝኩለት። ዳልሚራ ጡሩንባውን አልሰማችም፤ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛች። ስትነሣ ሁለት ቂጣ ከነስኳር ድንቹ ማርማላታ በላች።

አልቃሻውን ምን እናድርገው ሲባል ሶይሎ አሁንም መረቁን አልረሳም ነበር።

«ከታቀፍኩት በኋላ አይሆንልኝም፣ ክርስትና አባቴ» አለችው። «ሲጮኽ ፊቴን ነው ያየው።»

«እናትሽ ትበላው ነበር።»

«እናቴ አላቀፈቻቸውም፤ ገንፎ ነው ያበላቻቸው። ዶሮ እረድልኝ።»

ከሰዓት በኋላ አራታችንም ወደ ጫካው ጫፍ ሄድን። ዳልሚራ ጆንያውን በራሷ እጅ ከፈተች። አልቃሻው አሸዋውን አሸተተ፤ ዓይኑ ደካማ ነው፣ አገሩን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር መቆፈር ጀመረ። በደቂቃ ውስጥ ጭንቅላቱ ገባ፣ ትከሻው ገባ፤ ሃያ ቀን ወተት የጠጣው ኋላው ግን ውጭ ቀረ። እግሮቹ ይራገጣሉ፣ አሸዋው ወደ እኛ ይረጫል። ሶይሎ ሊገፋው ጎንበስ አለ።

«ተወው» አልኩት። «ይገባል። ሲቀጥን ይገባል።»

አልቃሻው ግን እስኪቀጥን አልጠበቀም፤ ቀዳዳውን አሰፋና ገባ።

ዳልሚራ ቅዳሜ ማለዳ በጤና ኬላው ወለደች፤ ሴት ልጅ ናት። በሰላም ተገላገለች። አዋላጇ ሦስት ኪሎ ተኩል ናት አለችኝ፤ ሆዷም ወፍራም ነው። አባቷ እሑድ ደረሰ። ስሟ ላይ ገና አልተስማማንም፤ ትራንሲቶ አንድ ስም አላት፣ እኔ ሌላ አለኝ፣ ዳልሚራ ሁለታችንንም አትሰማም።

ለዋና ከተማው ደብዳቤዬን ጨረስኩ፤ አራት ገጽ ሆነ፣ አንድም ቃል አላለዘብኩም። የሥዕሉን ፎቶግራፍ አያያዝኩበት። ፎቶግራፉን ከማንሣቴ በፊት ግን በምላጭ ካርቶኑን ቀስ ብዬ ፈቅፍቄ ከአልቃሻው ሥር ያለውን ቀይ ማሳሰቢያ አነሣሁት። ቦታው ትንሽ ሻክሯል። በመንገድ ዳር ስለሚሸጡት የጻፍኩትን ግን አልነካሁም፤ ዛሬም እዚያው አቋሜ ላይ ነኝ፣ የፈለገ ይምጣና ይከራከረኝ።

ሰኞ በቀትር ማራገቢያውን ሳልከፍት ተኛሁ። ሕፃኗን ይቀሰቅሳታል ብዬ ነው። ሳትቀሰቀስ ግን አልቀረችም፤ ሰባት ሰዓት ላይ ጀመረች፣ ድምፅ አላት፣ የቤቱ ቆርቆሮ ነዘረ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ሶይሎ ተጣራ፦

«አበልጅ፣ በርሜሌ ባዶ ነው። ይሄኛው የራስህ ነው።»